ጅማ ላይ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲምፖዚየም ስታዘጋጁ

የሲምፖዚየም ኮሚቴ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ "እነማንን እንጥራ?" የሚል ነው። ቀጥሎ ባነር ይመጣል፣ ከዚያ ምሳ። ምን እንደሚወራበት ግን በአንድ መስመር ይታለፋል። ይህ መመሪያ ነገሩን ከሌላው ጫፍ ለሚጀምሩ ነው፤ ለመምህራን፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ "አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ" ተብለው ኮሚቴ ውስጥ ለገቡም ጭምር።

የማወራው ስለ አንድ ቀን ሲምፖዚየም ነው። ሁለት ቀን የሚፈጀው አብዛኛውን ጊዜ ማሳጠር ስላልተቻለ ነው።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን ከጅማ አምጡት

"ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኢትዮጵያ፦ ዕድሎችና ፈተናዎች" የሚል ርዕስ አትያዙ። በዚህ ርዕስ የሚቀርብ ጽሑፍ ጅማ ቢነበብ ጎንደር ቢነበብ ለውጥ የለውም። ጅማ ከተሰበሰባችሁ ጅማ ያለውን ዳታ ተጠቀሙ።

ያለው ደግሞ ትንሽ አይደለም። መልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ዝርያዎችን ሲመዘግብና ሲያወዳድር የኖረ ተቋም ነው። የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከዚያ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ፍለጋ ተጀመረ። ዛሬም በቁጥር የሚጠሩት 74110 እና 74112 የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው፤ 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያሳያል። እንዲህ ያለ ታሪክ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከኢንተርኔት በወረደ የቲማቲም ቅጠል ፎቶ ሞዴል (ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) ማሠልጠን ያስቆጫል።

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ስትወጡ የግልገል ጊቤ ግድብ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግድቡ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚከታተልበት የመስክ ምርምር ማዕከል አቋቁሟል። ግድቡና ወባ ያላቸው ግንኙነትም ተደጋግሞ የተጠና ጉዳይ ነው። ቤት ለቤት እየተዞረ የተሰበሰበ መዝገብ ለዳታ ሳይንስ ተማሪ ሀብት ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ጅማ ገበያ ላይ ሰው በአፋን ኦሮሞ የጀመረውን በአማርኛ ይጨርሳል። በአንድ ቋንቋ ብቻ የሠለጠነ ሞዴል እዚህ ላይ ይደናገራል። በአማርኛ ብቻ ብትሄዱ እንኳ ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣሉ፤ ቀድማችሁ ካላስተካከላችሁት አንዱ ቃል ለማሽኑ ሁለት ሦስት ቃል ይሆንበታል። ለማስተርስ ተማሪ የሚበቃ ሥራ እዚህ ውስጥ አለ።

ከሦስቱ ሁለቱን ምረጡ። ፕሮፖዛሉ ላይም ይህንን በግልጽ ጻፉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ሲመሠረት ጀምሮ ስሙ የሚነሣው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው። ርዕሳችሁ ከቡና ገበሬና ከጤና ጣቢያ ከተነሣ፣ ዲኑ ፊት ስትቀርቡ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ከምሳው ጋር አብራችሁ ቁረጡ

ዓርብ አይሆንም። የጁምዓ ሰላት ቀኑን መሐል ላይ ይከፍለዋል፤ ከሰላት የተመለሰው ሰው ደግሞ አዳራሹ ግማሽ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሰኔ አይሆንም፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ፋይናንስ ቢሮ ፊታችሁን አያይም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፤ በዚያ ወቅት ከገበሬ ማኅበራት ሰው እናመጣለን ማለት ከንቱ ምኞት ነው። ግንቦት ላይ ተመራቂው ዲፌንስ ላይ ነው። የሚቀረው የክረምቱ ዕረፍት ካለቀ በኋላ ያለው አጭር ጊዜ ወይም የሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ነው። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ የአምናውን ፕሮግራም ገልብጣችሁ አትውሰዱ። ከሳምንቱ ቀናት ኀሙስ ይሻላል።

የምሳውን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለይቶ ማቅረብ ሁለት አስተናጋጅ፣ ሁለት ፕሮፎርማ፣ ሁለት ሰልፍ ማለት ነው። የጾም ቡፌ አዘጋጁና ተገላገሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አትክልት። ሁሉም ይበላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሥጋ የለም ብሎ ከዳታ ሳይንስ ስብሰባ የሚቀር ሰው መጀመሪያውኑም የመጣው ለዳታ ሳይንስ አይደለም።

በጥሪው ላይ ሰዓቱን "ከጠዋቱ 3:00" ብላችሁ ጻፉ። በዙም ለሚገባ የውጭ አገር ተናጋሪ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ መሆኑን ለይታችሁ ንገሩት። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ። አለበለዚያ እናንተ ሻይ ላይ ስትሆኑ እሱ ገና ተኝቶ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ገንዘብና ደብዳቤ

ይህ ክፍል አሰልቺ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። በጀቱ ቢቻል ሐምሌ ላይ ከዓመቱ ዕቅድ ጋር ይያዝ። ግዥ ፕሮፎርማ ይፈልጋል፣ ፕሮፎርማ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። የሚረሱት ሁለት ወጪዎች የጄኔሬተር ነዳጅና ከወረዳ የሚመጡ ሰዎች ትራንስፖርት ናቸው። ባነር ማንም አይረሳም።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለተናጋሪው የአውሮፕላን ቲኬት ከተገኘ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው አጠገብ ነው፤ በመኪና የሚመጣ ከሆነ ግን ከዋዜማው ይግባ። "በጠዋት ተነሥቼ እደርሳለሁ" የሚል ተናጋሪ አትመኑ።

ለዋና ንግግር አንድ ሰው ይበቃል። ከኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ላይ ግን አንድ ነገር አስረግጣችሁ ጻፉ፤ ስለ ተቋሙ ሳይሆን ተቋሙ ስለሠራው አንድ ሥራ ይናገር። ዳታው ከየት መጣ? ምን አስቸገረ? ምን ሳይሳካ ቀረ? እንዲህ ካላላችሁ ራእይ፣ ተልእኮና ዕሴት ታዳምጣላችሁ።

ደረጃ 4፦ የአብስትራክት ጥሪ አውጡ

ጥሪው አንድ ገጽ ይሁን። ከ300 ቃል ያልበለጠ አብስትራክት (የሥራውን አጭር ማጠቃለያ) ጠይቁ፤ አቅራቢው የሚከተሉትን እንዲመልስ ግን አስገድዱ፦ ዳታው የማን ነው፣ ስንት ነው፣ መለያውን ማን ሰጠው፣ ሞዴሉ ከምን ጋር ተወዳደረ፣ የት ይሳሳታል።

"መለያውን ማን ሰጠው" የሚለው ላይ አትለሳለሱ። አንድ የቡና ቅጠል "ዋግ የያዘው ነው" ተብሎ ሲመዘገብ ይህን ያለው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነው ወይስ ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀመጠ የኮምፒውተር ተማሪ? የአንዱ ሰው ዓይን ብቻ ከሆነ ይህ ራሱ መጻፍ አለበት።

በሂደት ላይ ያለ ሥራም ይምጣ። "ሞከርኩ፣ አልሠራም፣ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል" የሚል ተማሪ ፖስተር ይለጥፍ። ውጤቱ ያላማረ ሥራ የሚታይበት መድረክ ከሌለ፣ የሚቀጥለው ተማሪ ያንኑ መንገድ ይደግመዋል።

ቻትጂፒቲን የመሰሉ መሣሪያዎችን በተመለከተ ግልጽ አቋም ይኑራችሁ። እንግሊዝኛ ለማረም መጠቀም ይቻላል ካላችሁ አቅራቢው ይናገር። የተጠቀሱት ጽሑፎች በእርግጥ መኖራቸውን ግን አንድ የኮሚቴ አባል ይፈትሽ። እነዚህ መሣሪያዎች የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲው ይፈጥራሉ።

ደረጃ 5፦ ሪቪው

ሲምፖዚየሙ የሚበላሸውም የሚሳካውም እዚህ ነው። እያንዳንዱን አብስትራክት ሁለት ሰው ይየው። አንዱ ከኮምፒውተር በኩል፣ ሌላው ዳታው ከመጣበት ሙያ። የወባ ሥራ ከሆነ ከጤና፣ የቡና ከሆነ ከግብርና ኮሌጅ። ኪቶ ፉርዲሳ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ፣ ካሉ መሐንዲሶች ብቻ የተውጣጣ ገምጋሚ ሞዴሉን ያደንቃል፤ ቅጠሉ የምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

ገምጋሚዎቹ በተለይ ሁለት ነገር ይፈልጉ።

የመጀመሪያው "ትክክለኛነት 95 በመቶ" የሚል ቁጥር ነው። መቶ የቡና ቅጠል ፎቶ አለ እንበል። 95ቱ ጤነኛ፣ 5ቱ የታመሙ። ሞዴሉ ምንም ሳይማር ሁሉንም "ጤነኛ" ቢል 95 በመቶ ትክክል ነው። ከታመሙት ግን አንዱንም አላገኘም። ስለዚህ አቅራቢውን "ከታመሙት ስንቱን አገኘህ? ታመመ ካልከው ውስጥስ ስንቱ በእውነት ታሟል?" ብላችሁ ጠይቁት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያላስቀመጠ አብስትራክት ተመልሶ ይስተካከል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ የሚወስነውም ኮምፒውተሩ አይደለም። የወባ ምርመራ ከሆነ የታመመ ሰው ማለፉ ከባድ ነው፤ ርጭት ለማዘዝ ከሆነ ደግሞ ጤነኛውን ታመመ ማለት የገበሬውን ገንዘብ ያስወጣል።

ሁለተኛው የዳታ መፍሰስ ነው። ከአንድ የቡና ዛፍ በተከታታይ ሃያ ፎቶ ተነሣ። ፎቶዎቹ በዘፈቀደ ተከፍለው ግማሹ ለማሠልጠኛ፣ ግማሹ ለመፈተኛ ሄደ። ሞዴሉ 99 በመቶ አመጣ። ይህ የፈተናውን ወረቀት ማታውኑ አይቶ እንደሚገባ ተማሪ ነው። መከፋፈል ያለበት በፎቶ ሳይሆን በዛፍ ነው፤ ከዚያም አልፎ በማሳ ወይም በወረዳ። ጎማ ወረዳ ላይ በተሰበሰበው አሠልጥኖ ሊሙ ኮሳ ወረዳ ላይ የፈተነ ተማሪ ውጤቱ 70 ቢሆን እንኳ ከ99ኙ ይልቅ እሱን መድረክ ላይ አውጡት። በሕክምና ዳታም ያው ነው። የአንድ ታካሚ ሁለት ምስል ሁለቱም ጎን መገኘት የለበትም።

የፎቶው ዳራም ይታይ። የታመሙት ቅጠሎች ነጭ ወረቀት ላይ፣ ጤነኞቹ ማሳ ላይ ከተነሡ፣ ሞዴሉ የተማረው ስለ ወረቀት ነው። በጥሩ ስልክ የተነሣና በደከመ ስልክ የተነሣ ፎቶም እንዲሁ ያሳስታል።

አብስትራክት ስትመልሱ ምክንያቱን በሦስት አራት መስመር ጻፉ። "አልተቀበልነውም" ብሎ ዝም ማለት ተማሪን ያርቃል። ብዙው ሥራ የሚበላሸው በስንፍና ሳይሆን ጠያቂ በማጣት ነው።

ደረጃ 6፦ የዳታውን ባለቤቶች ጥሩ

ይህንን ከሁሉም አብልጬ እመክራለሁ። መዝገብ የሚይዙትን ሰዎች አዳራሹ ውስጥ አምጡ። የጤና መረጃ ባለሙያ፣ የወረዳ የልማት ሠራተኛ፣ የቡና ጥራት ቀማሽ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን። እንደ ታዳሚ ሳይሆን እንደ አቅራቢ ይምጡ።

በደብዳቤ ብቻ አይመጡም። ደብዳቤው ከአለቃ ወደ አለቃ ሲሄድ መጨረሻ ላይ የሚላከው ዕለቱን ሥራ ያልነበረው ሰው ነው። ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ቁጭ በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ የሚይዙትን መዝገብ ለተማሪዎቻችን ያሳዩልን" በሉ። ስላይድ አትጠይቋቸው። መዝገቡን ወይም ባዶ ቅጹን ይዘው ይምጡ፤ እናንተ በካሜራ ስክሪን ላይ አውጡት። በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ያዙ። እንግሊዝኛ ግዴታ ከሆነ የሚያውቁትን ግማሹን ውጠው ይመለሳሉ።

ሦስት ነገር ብቻ ይንገሩን። ምን ትመዘግባላችሁ? ሲሞላ የሚያስቸግረው የቱ ክፍል ነው? መዝገቡን አይታችሁ ምን ትወስናላችሁ? በሁለተኛው ጥያቄ ላይ የሚወራው ለተማሪው ከአንድ ኮርስ ይበልጣል። አንድ ባዶ ሳጥን "ሕመም የለም" ማለት ይሁን "አልተጠየቀም" ማለት ይሁን የሚያውቀው ቅጹን የሚሞላው ሰው ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም ስልክ ያለበት ገጽ ስክሪን ላይ አይውጣ። ከሰው ጋር የተያያዘ ዳታ የሚያቀርብ ተማሪም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱን ከአብስትራክቱ ጋር ያያይዝ።

ደረጃ 7፦ ፕሮግራሙን በደቂቃ ሥሩት

ለመነሻ የሚሆን ይኸውና፦

2:30 ምዝገባ
3:00 መክፈቻ፣ 15 ደቂቃ፣ አንድ ተናጋሪ
3:15 ዋና ንግግር፣ 40 ደቂቃ
3:55 ጥያቄና መልስ
4:15 ቡናና ፖስተር
5:00 የዳታ ባለቤቶች፣ ሦስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 25 ደቂቃ
6:15 ምሳና ሰላት
7:45 አምስት ጽሑፎች፣ ለእያንዳንዱ 12 ደቂቃ፣ ለጥያቄ 6 ደቂቃ
9:15 ቡና
9:45 የጠረጴዛ ሥራ
11:00 መዝጊያ

መክፈቻው ነው ሁልጊዜ የሚያመልጠው። ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትሉ፣ ዲኑ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊውና ስፖንሰሩ ሁሉም ከተናገሩ ዋናው ንግግር ወደ ምሳ ይገፋል። አንድ ሰው ይክፈት፤ ሌሎቹን ክብራቸውን ጠብቃችሁ የስብሰባ መሪ አድርጓቸው። መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስማቸው ፕሮግራሙ ላይ ይወጣል፣ ማንም አይከፋም።

ሰዓት ጠባቂው ተማሪ ባይሆን ይመረጣል። ተማሪ መምህሩን "ጊዜዎ አልቋል" ለማለት ይፈራል። ጠንከር ያለ ሰው አስቀምጡ።

ደረጃ 8፦ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ፊደል

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተነሡ። ጄኔሬተሩን ከዋዜማው ፕሮጀክተሩና ድምፅ ማጉያው ተሰክቶ ሞክሩት፤ ባዶውን መነሣቱ ምንም አያረጋግጥም።

ማሳያ ያለው አቅራቢ በኢንተርኔት ላይ አይመካ። በጉግል ኮላብ (ኮድ በኢንተርኔት የሚሠራበት አገልግሎት) የሚሠራ ነገር አዳራሹ ውስጥ ይንቀረፈፋል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀድቶ ይምጣ። የዙም ተናጋሪም ንግግሩን ቀድቶ ይላክ፤ በቀጥታ የሚገባው ለጥያቄና መልሱ ብቻ ይሁን።

ስላይዶች ሁሉ ከዋዜማው ማታ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይሰብሰቡ፤ በፒዲኤፍ ይሁኑ። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ስላይድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ይሆናል። ከአቅራቢ ኪስ የሚወጣ ፍላሽ በዕለቱ አትቀበሉ። ቫይረሱም አለ።

ፖስተር በተለምዶ ኤ0 ነው፤ 84.1 በ118.9 ሳንቲ ሜትር። ኤ1 ግማሹ ነው፣ 59.4 በ84.1። ለተማሪ ኪስ ኤ1 ይሻላል። ባነር የሚያትሙ ቤቶች በዚህ ልክ ያወጡታል። ፖስተሮቹን ቡናው በሚፈላበት ቦታ ዙሪያ ስቀሉ። ጅማ ላይ ሆናችሁ የፔርሙስ ቡና አታቅርቡ፤ ረከቦትና ጀበና ይኑር። ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ይቆያል፣ ፖስተሩም ይነበባል።

ደረጃ 9፦ የጠረጴዛ ሥራው

ከሰዓት በኋላ ብዙ ሲምፖዚየም በ"ፓናል ውይይት" ያልቃል። አምስት ሰው ይቀመጣል፣ ሁሉም ይስማማል። በዚያ ፈንታ ጠረጴዛ ዘርጉ። በየጠረጴዛው አንድ የዳታ ባለቤት፣ ሦስት አራት ተማሪ፣ አንድ አማካሪ ሊሆን የሚችል መምህር። አንድ ሰዓት ከሩብ አላቸው። የሚያወጡት አንድ ገጽ ነው፦ ጥያቄው ምንድን ነው፣ ዳታው የት ነው፣ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው፣ መጀመሪያ መቼ እንገናኛለን።

"ቡናን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዘመን" የሚል ገጽ ከመጣ መልሱት። "የልማት ሠራተኛው በወረቀት የሚልከውን የበሽታ ሪፖርት ወደ ሠንጠረዥ ገልብጠን የትኛው ቀበሌ ቀድሞ እንደሚጠቃ እናያለን" የሚለው ግን ይሠራል። ጥልቅ ሞዴል ላያስፈልገው ይችላል። ኤክሴል ከበቃው ኤክሴል ይሁን።

ደረጃ 10፦ ከበዓሉ ማግሥት

ሰርተፍኬት ለአቅራቢዎችና ለዳታ ባለቤቶቹ በዕለቱ ይሰጥ። የልማት ሠራተኛው የሚወስዳት ወረቀት መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች፤ ለሚቀጥለው ጉብኝታችሁም በር ትከፍታለች።

ሒሳቡን በሳምንቱ አወራርዱ፤ ደረሰኝ ሲቆይ ይጠፋል። ስላይዶችንና ፖስተሮችን ከአቅራቢዎቹ ፈቃድ ጋር በአንድ ቦታ አስቀምጡ። ፕሮሲዲንግ ለማሳተም አትቸኩሉ፤ ማንም የማያገኘው የታተመ ጥራዝ ከማውጣት ለሁሉም ክፍት የሆነ የፒዲኤፍ ማኅደር ይሻላል።

ጠንካራ የሆኑትን ሁለት ሦስት ሥራዎች ለይታችሁ ተማሪዎቹ ወደ ሌላ መድረክ እንዲልኩ አግዟቸው። ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በተለያዩ የአፍሪካ ከተሞች የሚካሄድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስብሰባ ነው። አይሲኤልአር (ICLR) የተባለው ትልቁ የዘርፉ ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ሊሆን ታስቦ በኮቪድ ምክንያት በኢንተርኔት ተደረገ፤ በ2023 ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ለዚህ ደረጃ የሚበቃ ሥራ ጅማ ውስጥ መጀመር ይችላል፤ ዳታው የራሱ ከሆነ ደግሞ አዲስ ነገር ይዞ ይሄዳል።

የጠረጴዛ ገጾቹን ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ስጡ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ርዕስ ሲመርጡ ከዚያ ይምረጡ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የዳታ ባለቤቱ ስልክ መኖሩን አረጋግጡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ከኮሚቴው አንድ ሰው ደውሎ የመጀመሪያው ቀጠሮ መያዙን ይጠይቅ።